በምን አፉ ነው የሚገሥጸው? የአንድ ጥያቄና የአርባ አንድ መልስ ወሬ

መድረካችን ላይ ይህ ክር፣ ማለት የጥያቄና መልስ ውይይቱ፣ የተከፈተው እሑድ ሌሊት ነው። የከፈተው ሜሪላንድ የሚኖር፣ ኡበር የሚነዳ ሰው ነው። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ እንደጻፈው ራሱ ተናግሯል። ነገሩ የመጣው ከልጁ ነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ነው። የታሪክ አስተማሪው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ማይ ላይ በምትባል መንደር ስለሆነው ጭፍጨፋ ጽፋችሁ ኑ ብላቸዋለች። ልጁ ላፕቶፑን ወጥ ቤት ድረስ ይዞ መጥቶ አንድ ፎቶ አሳየው። የአፈር መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተደራርበው ወድቀዋል። ይሄን ያደረጉት የኛ ወታደሮች ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው።

አባትየውን የያዘችው «የኛ» የምትለዋ ቃል ናት። ዜግነት ሲቀበል ቀኝ እጁን አንስቶ ምሏል። መሐላው ላይ ሕግ ካዘዘ ለአሜሪካ መሣሪያ እታጠቃለሁ የሚል አለበት። ያን ቀን ማታ ቤቱ ዶሮ ተሠርቶ፣ ኬክ ተቆርጦ ነበር። አሁን ግን ለልጁ ምንም ሳይመልስ ዞሮ ዕቃ ማጠብ ጀመረ። ሲጨርስ ለኛ ጻፈ። ጥያቄው አጭር ናት። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ኃያል መንግሥት ሌላውን ስለ ሰብዓዊ መብት የሚገሥጸው በምን አፉ ነው?

እኔ የመድረኩ አድሚን ነኝ። ሁሉንም ማንበብ ዕዳዬ ነው። አርባ አንድ መልስ መጣ። አዲስ የገባ ሰው ሁሉ ምን ተባለ እያለ በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለልጁ ይጠቅመዋል ያለውን ጻፈ። ማርች 16 ቀን 1968 ቻርሊ የሚባለው ሻምበል ጦር መንደሩ ሲገባ የሚተኩስበት ሰው አላገኘም። ያገኘው ቁርሳቸውን የሚሠሩ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ነው። ቬትናሞች 504 ሟች ይቆጥራሉ፤ አሜሪካኖቹ 347 ይላሉ። ጦሩ ነገሩን በተዋጊዎች ላይ የተገኘ ድል አድርጎ አወራው። ሲሞር ኸርሽ የሚባለው ጋዜጠኛ ጉዱን አደባባይ ያወጣው በኖቬምበር 1969 ነው። ከዓመት ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው።

2ኛው፣ አስተማሪ ይመስለኛል፣ የጎደለ አለ ብሎ ገባ። የጎደለው ሂዩ ቶምፕሰን ነው። ሄሊኮፕተር አብራሪ ነው። ከላይ ሆኖ ሬሳ የሞላበት ቦይ አየ። ወርዶ ጠየቀ፣ የረባ መልስ አላገኘም። ከዚያ ወታደሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ወደተደበቁ መንደርተኞች ሲሄዱ ሲያይ ሄሊኮፕተሩን መሀላቸው አሳረፈ። ለሁለቱ ባልደረቦቹ፣ እነዚህ ሰዎች ላይ ከተኮሱ እናንተም እነሱ ላይ ተኩሱ ብሎ አዘዘ። እነሱ ያላቸው የራሱን ጦር፣ አሜሪካኖቹን ነው። አንደኛው ባልደረባው ቦዩ ውስጥ ገብቶ በሬሳ መሀል በሕይወት ያለ ሕፃን አወጣ። አገሩ ሲመለስ ለቶምፕሰን የዛቻ ስልክ ይደወልለት ነበር። ሜዳልያውን ያገኘው በ1998 ነው። ሠላሳ ዓመት ቆጥሩ።

3ኛው ላይ ድምፁ ከረር አለ። የቶምፕሰንን ነገር ለማስተዛዘኛ አታምጡብኝ የሚል ነው። ከተከሰሱት ሁሉ ጥፋተኛ የተባለው ሻለቃው ካሊ ብቻ ነው፣ 22 ሰው በመግደል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ ኒክሰን ከእስር ቤት አስወጥቶ ቤቱ እንዲቀመጥ አድርጎት፣ በ1974 ተለቀቀ። ብዙ አሜሪካዊም ቴሌግራም ሲልክ የነበረው ፍቱት እያለ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፣ ዳውላውንም ቢሆን አቧራውን ብቻ ነው ያራገፉት አለ። እዚህ ላይ ወዲያው አንዱ ካሊ መቶ አለቃ እንጂ ሻለቃ አይደለም ብሎ አረመው። ትክክል ነው። ያረመው ሰው ሌላ ምንም አልጻፈም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ክር ሁሉ ላይ አንድ አይጠፋም።

5ኛው መልስ ክሩን ወደ ቤታችን አመጣው። አዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። አያቱ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ናቸው፤ በ1951 ከአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው የተዋጉ። 121 ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ የተማረከ ግን አንድም የለም ብለው ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ከኮሪያ ካመጡት ዕቃ ሁሉ የቀረችላቸው ጣት የምታህል የቆርቆሮ መክፈቻ ናት። ከቤት ቁልፋቸው ጋር አንጠልጥለዋት እስኪሞቱ አልተለያቸውም። የቲማቲም ድልህ የሚከፈተው በእሷ ነበር። እና ልጁ ምን ይላል፣ አያቴ አሜሪካን የሚለኩት በደቡብ ኮሪያ ነው፣ ያኔ ሕፃናት በበረዶ ባዶ እግራቸውን ሲለምኑ አይተው፣ ኋላ ደግሞ ተጋብዘው ሄደው ሴኡልን አይተዋል፣ ይሄን ማን ይከፍላል ይላል።

7ኛው መልስ የመጣው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ኖ ጉን ሪ። በጁላይ 1950 የአሜሪካ ወታደሮች የሚሸሹ ኮሪያውያን ላይ፣ የባቡር ድልድይ ሥር ከትተው ለቀናት ተኮሱባቸው። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች በ1999 እስኪያወጡት ድረስ የተረፉት ሲናገሩ የሚሰማቸው አልነበረም። ክሊንተን በ2001 አዝናለሁ አለ፤ ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን አልተጠቀመም። ደቡብ ኮሪያ ራሷ 163 ስም መዝግባለች። የኮሪያ ሰፈሩ ልጅ አያቴ ያኔ ገና አልዘመቱም ብሎ መለሰ። ማንም እሳቸውን አልከሰሰም እኮ። ግን ገባኝ። ስለ አያት ሲሆን ሰው ሳይነኩት ይጮኻል።

አሁን 9ኛው። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። የጻፈው ለሥራ ላኦስ ሁለት ዓመት የኖረ አበሻ ነው። ላኦስ ላይ ጦርነት አልታወጀም። ከ1964 እስከ 1973 ግን አሜሪካ ወደ 580,000 ጊዜ የሚጠጋ በረራ አድርጋ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለችበት። ብዙው ክላስተር ነው፤ ትልቁ እንደ ፍሬ ሲፈነዳ ውስጡ ያሉት ትንንሾቹ የሚበተኑት። ወደ 270 ሚሊዮን ትንንሽ። ሲሶው ሳይፈነዳ መሬት ውስጥ ቀረ። የአገሩ ሰው ቦምቢ ይለዋል፤ የብርቱካን መጠን አለው፣ ልጅ ኳስ ይመስለዋል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ብቻ ከ20,000 በላይ ሰው ገድሏል ወይም አቁስሏል።

ይህን ማንም ሊያነበው ይችላል። እሱ ያየው ግን ሌላ ነው። ገጠር ውስጥ የቤት ቋሚ የሆነ የቦምብ ቀፎ አየ። ቀፎ ለሁለት ተሰንጥቆ ሽንኩርት ተተክሎበት አየ። የቦምብ አሉሚኒየም አቅልጠው ማንኪያ የሚሠሩበት መንደርም ሄዶ አንድ ማንኪያ ገዛ። ሲይዙት አይከብድም፣ ላባ ነው ይላል። ቤቱ ይዞት መጣ፤ ሚስቱ ሰምታ ቡና አላማስልበትም አለች። እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ኦባማ በ2016 ሄዶ ለማጽጃ የሦስት ዓመት 90 ሚሊዮን ዶላር ቃል ሲገባ እሱ እዚያው ነበር፤ አብረውት የሚሠሩት ላኦሶች ደስ አላቸው። በቁጣ የሚጠብቃቸው እሱ ነበር፣ እነሱ ማጨብጨባቸው ግራ አጋባው። ክላስተርን የሚከለክለውን ስምምነት አሜሪካ እስከ ዛሬ አልፈረመችም። በ2023 ደግሞ ለዩክሬን ሰጥታለች።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ክላስተር የላኦስ ብቻ አይደለም፣ በጁን 1998 መቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤት ላይም ወርዷል፣ ያን የጣለው አሜሪካ አይደለም ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሦስት መልሶች አጠፋኋቸው። ክርክር ቢሆኑ አልነካቸውም ነበር፤ ስድብ ናቸው። ቅር ያለው ካለ ቅር ይበለው።

14ኛው ኢራቅን አመጣ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓወል በፌብሩዋሪ 2003 የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብሎ ያቀረበው ማስረጃ፣ ከዚያ ወረራው፣ ከዚያ የተባለው መሣሪያ አለመገኘቱ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የረሳነውን ያስታወሰን 15ኛው ነው። ዋሽንግተን ያኔ ወረራውን ደገፉ ብላ ባወጣችው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ኤርትራም አሉ። ወታደር የላከ የለም፣ ስም ነው የላኩት። በባድመ ጦርነት ያን ያህል ሕዝብ ያላለቀ ይመስል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን። በምን አፉ ነው የሚለው ጥያቄ ለኛም መንግሥት ይድረስልኝ ብሎ ጨረሰ። ይህ መልስ ከሁሉም ብዙ ላይክ ያገኘ ነው።

16ኛው ስለ አቡ ጊሬብ እስር ቤት ነው፤ ኢራቅ ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ያሰቃዩበት። ፎቶዎቹን ሁሉም ያውቃቸዋል። እሱ የጻፈው ግን ስለ ጆ ዳርቢ ነው። ፎቶ ያለበትን ሲዲ ለመርማሪ የሰጠው ወታደር። ስሙ ሲታወቅ በጥበቃ ሥር ሆነ፤ ተወልዶ ያደገበት ከተማ ተመልሶ መኖር አልቻለም። ጎረቤቱ ከዳተኛ አለው።

17ኛው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሌሊት ጠጥቶ የጻፈው ይመስላል። ክሩን የከፈተውን ሰውዬ ወጪት ሰባሪ አለው። በሰው አገር ዶላር እየዛቅህ፣ ልጅህን በነፃ እያስተማርክ፣ ካልተመቸህ በረራ አለ እኮ የሚል ነው። አላጠፋሁትም፤ ብዙ ሰው በሆዱ የሚያስበውን ነው የጻፈው። ባለ ክሩ በ18ኛው መልስ ረጋ ብሎ መለሰለት። ግብር እከፍላለሁ፣ ዶላር የሚዛቅበትን ጎዳና ካገኘህ አድራሻውን ላክልኝ አለ። ከዚያ ግን ያላሰብኩትን አነሳ። ልጄን ስለ ማይ ላይ ጽፈህ ና ያለችው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፣ ደመወዟን የሚከፍላት ያው መንግሥት ነው፣ እኔ ተምሬ ባደግሁበት ትምህርት ቤት የራሳችን ጦር ስላደረገው ጥፋት ጻፉ ያለኝ አስተማሪ አንድም ቀን አላጋጠመኝም፣ እናም የምናደደው ይህን እያወቅሁ ነው አለ።

ቀጥሎ ከበርሊን አንዷ ጻፈች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴምፕልሆፍ ሜዳ ላይ ትሮጣለች። ድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፣ ማኮብኮቢያው አሁን የብስክሌትና የሯጭ ነው። በ1948 ሶቪየቶች ምዕራብ በርሊንን በመንገድ ሲዘጓት አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ ወደ 277,000 በረራ አድርገው ከድንች እስከ ከሰል ያመላለሱት እዚህና በሌሎቹ ማረፊያዎች ነው። ጎረቤቷ ያኔ ሕፃን የነበሩ ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው፤ አንድ አብራሪ በመሐረብ ፓራሹት የጣለላቸውን ቸኮሌት ዛሬም ያወሩታል። ከሦስት ዓመት በፊት ከተማዋን በቦምብ ያረሳት ያው ሰው መሆኑን እሳቸውም አይክዱም። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገሩት።

21ኛው ቁጣ ነው። የኪጋሊ ወዳጅ አለው መሰለኝ። አሜሪካን በሄደችበት ብቻ ሳይሆን በቀረችበትም መዝኑ ይላል። በኦክቶበር 1993 ሞቃዲሾ ላይ 18 ወታደር ሞተባቸው፣ ስድስት ወር አልፎ ሩዋንዳ ስትታረድ ዋሽንግተን ዘር ማጥፋት የሚለውን ቃል ከአፏ ላለማውጣት ተጠነቀቀች። የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን ኃይል ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ሲወስን ደገፈች። ክሊንተን በ1998 ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ ያን ያህል አልገባንም ነበር የሚል ንግግር አድርጎ ተመለሰ፤ ከማረፊያው አልወጣም።

ከዚያ ጋሼ መጡ። 23ኛው የእሳቸው ነው። ሰባዎቹን ያለፉ፣ እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም አንቱ የሚላቸው ናቸው። እሳቸው በ1935 ጀመሩ። ሙሶሊኒ ሲመጣ አሜሪካ ገለልተኛ ነኝ ብላ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አልሸጥም የሚል ሕግ አወጣች። ጣሊያን መሣሪያውን ራሱ ይሠራል። እኛ ነን የምንገዛው። ነዳጁ ደግሞ ከእቀባው ውጪ ነበር። በሌላ በኩል ጣሊያን ኢትዮጵያን የግዛቴ አካል ናት ሲል አሜሪካ አላወቀችለትም፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲያውቁ እንኳ። ቀጥለው 1977ን አነሱ። ካርተር በደርግ ሰብዓዊ መብት ረገጣ ምክንያት የጦር እርዳታ ቀነሰ፣ ደርግም አስመራ የነበረውን ቃኘው የሚባለውን የአሜሪካኖቹን የጦር መገናኛ ጣቢያ ዘጋ፣ ዚያድ ባሬም ገባ። ያኔ ቀይ ሽብር ነበር፣ ካርተር የተናገረው ውሸት አልነበረም ይላሉ ጋሼ። ግን የሶማሊያን ሚግ ከሰማይ ያወረደው አውሮፕላን አሜሪካ የሠራችው ኤፍ 5 ነው። እኔ ሁለቱንም አልረሳም ብለው ጻፉ።

ከ25 እስከ 29 ያለውን እለፉት። አንዱ የኡበር ኢንሹራንስ ስንት እንደሚጨርስ ጠየቀ፣ ሌላው ሃይብሪድ ግዛ አለ፣ ከዚያ ዲቪ መቼ ነው የሚከፈተው የሚል መጣ። ዲቪ የጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ 3ኛው፣ አህያውን ፈርቶ ያለው። ሰዉ ሳቀበት። እሱም ሳቀ። ብሎ ብሎ፣ ቤቱን እንጂ ባለቤቱን መች ወደድኩ አለ።

30ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። በ2002 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አሜሪካዊ ወታደር ቢይዝ ፕሬዚዳንቱ ለማስለቀቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ሰዎች በቀልድ ሄግን የመውረር ሕግ ይሉታል። 31ኛው ባግዳድን ጨመረበት፤ በ2007 ኒሱር አደባባይ ላይ 17 ሰው የገደሉ የግል ጠባቂዎች አሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው፣ በዲሴምበር 2020 ትራምፕ ምሕረት ሰጣቸው። 32ኛው ካቡልን። ኦገስት 29 ቀን 2021 በድሮን የተመታችውን ነጭ መኪና ይነዳት የነበረው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ 10 ሰው ሞተ፣ ሰባቱ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ትክክለኛ ጥቃት ነው አሉ። ጋዜጠኞች ሲደርሱበት ስህተት ነው አሉ። የተቀጣ የለም።

ጋሼ እዚህ ላይ ተመልሰው ገቡ። በሰማንያዎቹ ኦዴሳ ተምረዋል። የማደሪያቸው ጽዳት ሠራተኛ ልጅ ከአፍጋኒስታን በዚንክ ሣጥን ታሽጎ መጣ። እናትየዋ ሣጥኑን መክፈት አልተፈቀደላትም፤ የት እንደሞተ እንዳትናገር ተነገራት። እሷ ደረጃ ስታጥብ ታለቅስ ነበር፣ እኛ ጋዜጣ ላይ የምናነበው ሶቪየት ወታደሮች ዛፍ ሲተክሉ ነው ይላሉ። የሶቪየት ቶምፕሰን አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ቢኖር ስሙን የት እንሰማ ነበር አሉ።

ብዙው ሰው እዚህ ላይ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ክሩን ደጋግሜ ሳነብ የታየኝ ነገር አለ። ማይ ላይን፣ ኖ ጉን ሪን፣ አቡ ጊሬብን፣ የካቡሏን መኪና ያጋለጡት በአብዛኛው ራሳቸው አሜሪካኖች ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የትም አታገኙትም ባልልም በቀላሉ አታገኙትም። ግን ማጋለጥ ሌላ፣ መቅጣት ሌላ። እዚያ ቤት የተጋለጠው ብዙ፣ የተቀጣው ጥቂት፣ የተቀጣውም ከታች ነው። መጋለጡን እንደ ቅጣት ቆጥረው ሒሳቡን የሚዘጉት ነገር ነው እኔን የሚያናድደኝ። የላኦስ ገበሬ ስሙን ጋዜጣ ላይ ያየ አይደለም፣ ያገኘው ማንኪያውን ነው። አንድ ሁለት ሰው አድሚን ወገንተኛ ሆነ ብለው ጻፉብኝ። ጻፉ፣ አልጠፋም።

ከ36 በኋላ ያለው ሁሉም ያለውን መድገም ነው። አንዱ ሙሉውን የሂሮሺማ ታሪክ ከሌላ ቦታ ገልብጦ ለጠፈ። ክር ሲያረጅ እንዲህ ነው።

41ኛው የባለ ክሩ ነው፤ ሐሙስ ማታ። ልጁ ጽሑፉን አስገብቷል። ስለ ካሊ አይደለም የጻፈው። ስለ ላሪ ኮልበርን ነው፤ ከቶምፕሰን ጋር የነበረው ተኳሽ፣ ቶምፕሰን የራሳችን ወታደሮች ላይ ተኩስ ብሎ ያዘዘው። ያን ቀን 18 ዓመቱ ነበር። ልጁ እሱን የመረጠው በዕድሜ ስለሚቀርበው ነው። 17 ነው፣ በሚቀጥለው ወር 18 ይሞላዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ወንድ ልጅ 18 ሲሞላው ስሙ ለውትድርና ምዝገባ ይገባል፤ ግዳጁ ከ1973 ወዲህ ባይኖርም መዝገቡ አለ። አባትየው ይህን ያወቀው ልጁ እራት ላይ ሲነግረው ነው። ልጁ በዚያው አንተስ ስትምል የምትለውን ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አስተናባሪዋ አንድ አንድ ሐረግ ስታነብ እኛ እንደግም ነበር፣ አዳራሹ ሰው ሞልቶ ነበር፣ እናትህ ከኋላ ቪዲዮ ትቀርጽ ነበር ብሎ ነገረው። ቪዲዮውን ከስልኳ ፈልገው አብረው አዩት። ድምፁ በደንብ አይሰማም።